ወንዙ የቀደማቸው ዕለት

ጋሪው ቁልቁለቱን ሲወርድ የግራው ጎማ ድንጋይ ላይ ዘሎ ተመልሶ መሬት ያዘ። የቀለም ነካሪዎቹ አለቃ ልጓሙን አላጠበቁም፤ ይልቁንም አለንጋቸውን ደገሙት። በቅሎዋ በዕድሜዋ እንዲህ ተገርፋ አታውቅም፣ አለቃም እንዲህ ገርፈው አያውቁም። ከኋላ፣ በተጠቀለለው እርጥብ ጨርቅ ላይ የተቀመጠችው ሚስታቸው የጋሪውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ከወንዙ አልነቀለችም።

ወንዙ ቀይ ነበር። በበጋ ቀጥኖ ስለሚፈስ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ድንጋይ ላይ ሲሰበር ይፈዛል፣ ጥልቁ ላይ ሲተኛ ይደምቃል። ደም መሰለ የሚል ሰው ቀለም አያውቅም፤ ደም ውሃ ሲነካው ቶሎ ይደበዝዛል። ይህ ግን ቀለም ማስያዣውን ሸብ በልኩ የጠጣ፣ ባለሙያ የነከረው ቀይ ነው። ጠዋት ከአጣቢ ሴቶቹ ጋር ወርዳ ጨርቁን ያጠበችው ራሷ ሚስታቸው ናት። እጇ እስከ ክርኗ ቀልቷል።

«ትደርሳለች?» አለች።

«ማን?»

«በቅሎዋ። ከውሃው በፊት።»

አለቃ አለንጋውን እንደገና አነሡ። መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ወንዙ በገደሉ መሐል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ መንገዱ ደግሞ እያንዳንዱን ኮረብታ እየዞረ ደህና ዋልክ ሲል የሚውል መንገድ ነው።

የላይኛው ከተማ የቀለም ነካሪዎች ከተማ ነው። እያንዳንዱ ቤት በግቢው ውስጥ የራሱ የቀለም ጋን አለው፤ ጋኑ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል፤ የድብልቁም ልክ ከጋኑ ጋር ይወርዳል እንጂ ለጎረቤት፣ ለሚስት፣ ለሴት ልጅ አይነገርም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የነከሩት ሰማያዊና ጥቁር ብቻ ነው። የቀዩ ሥር ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም፣ የሚያዝዘውም አልነበረም። ነካሪ ሲሞት ጥፍሩ ሰማያዊ ስለሆነ በሰማይ ቤት «ከየት መጣህ?» ተብሎ አይጠየቅም እየተባለ ይቀለዳል። መንከር የወንዶች፣ ማጠብ የሴቶች ሥራ ነው። የአጣቢዎቹም አለቃ ይህችው የአለቃ ሚስት ነበረች። ትንሽ ዥጉርጉር ያየችበትን ጨርቅ ሁሉ «ድገሚው» እያለች ስለምትመልስ ስሟ ተረስቶ እማማ ድገሚው ሆና ቀርታለች።

ጋን የሌለው ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛው ከተማ የሽመና ከተማ ነው፤ አንድ ረጅም አዳራሽ፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ደወል፣ አንድ ካቦ። ከየአገሩ የመጣው ሰው እዚያ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ይሠራል። ጠዋት አንዷን ካቦው በጥፊ ቢመታት ምሳ ሳይደርስ የሁሉም ጉንጭ ይቃጠላል። ላይ ግን ጎረቤት ታስሮ ሲሄድ ሰው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» ይላል፤ ከዚያ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። በር ስላላቸው ነው፤ በር ያለው ሰው ይዘጋዋል።

የአለቃ ልጅም ከወረዱት አንዷ ናት። በልጅነቷ የሰፈሩን ልጆች በጋኖቹ ላይ እየዘለለች ስለምታሳድድ ፌንጣ አሏት። ቀለም በዓይኗ ትለካ ነበር፤ ጋኑን ከሚወርሰው ከአጎቷ ልጅ ይልቅ እጇ ለሙያው የተሠራ ነበር። አንድ ቀን አባቷን ጋኑን ስጠኝ አለቻቸው። «ጋን ለሴት አይወርድም» አሏት። አልተከራከረችም። ልብሷን ቋጥራ ወረደች፣ በሽመናው አዳራሽ የተበጠሰ ክር ቀጣይ ሆነች። ያን ቀን በሩ ላይ ቆማ አንድ ቃል አለመናገሯ እናቷን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ጥፋቱ የተሠራው ዛሬ ጠዋት ነው። መንግሥት የዘበኞቹን ልብስ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ለውጦ፣ ሥሩን ራሱ አቅርቦ፣ ለዓመታት የሚበቃ ሥራ ለነካሪዎቹ ሁሉ አከፋፍሏል። የመጀመሪያው ጨርቅ ከጋን ሲወጣ ባሎች ሁሉ ለሚስቶቻቸው አንድ ዓይነት ቃል ተናገሩ፦ ቀዩን ወንዝ ውስጥ እንዳታጥቡ፣ ጓሮ ባለው ኩሬ እጠቡት። ለምን ሲባሉ «ተባለ፣ በቃ» አሉ። እማማ ድገሚው አንዱን ጨርቅ በኩሬው አጠበችው። ተዥጎረጎረ። የቆመ ውሃ የለቀቀውን ቀለም መልሶ ጨርቁ ላይ ያስቀምጣል፤ ይህን የማታውቅ አጣቢ የለችም። ወንዶች ስለ ማጠብ ምን ያውቃሉ ብላ ሴቶቹን ሁሉ አስከትላ ወንዝ ወረደች። እየተሳሳቁ አጠቡ። እንደዚያ የሚያምር ቀለም አይተው አያውቁም ነበር።

አለቃ ከስብሰባ ሲመለሱ በከተማው ድልድይ ላይ ቆሙና ወንዙን አዩ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሚስታቸው ታመው መስሏት ሮጣ ስትመጣ ነው የነገሯት። ወንዙን ቀይ ማድረግ ምልክት ነበር። የላይኛው ከተማ በመንግሥት ላይ ከተነሳ ቀይ ያፈሳል፤ የታችኛው ያንን አይቶ ይነሳል። የላይኛው ከተማ ግን አልተነሳም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች አሁን፣ ከጋሪው ኋላ።

አለቃ ዞር ብለው አዩዋት። ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ እንጂ አንተ ብላቸው አታውቅም። እሷ ደግሞ መለወጧን ራሷም ያወቀች አትመስልም።

«መሐላ ነበር» አሉ። «ሌሎቹም ለሚስቶቻቸው አልተናገሩም።»

«ከወታደር የደበቃችሁት መስሎኝ። ለካስ ከእኛ ነው።»

«ወሬ እንዳይወጣ ብለን ነው።»

«ወጣ፤ ያውልህ እየፈሰሰ።»

በቅሎዋ አነጠሰች። አለቃ ልጓሙን ለቀቅ አደረጉላት።

«ምልክቱን ማን መረጠው?»

«ልጅሽ። ባለፈው ክረምት በድብቅ መጥታ ነበር። ቤት እንኳ አልገባችም፣ ስብሰባችን ላይ ቆማ ተናገረች። ‹አባዬ፣ ቀይ ነክራችሁ አታውቁም፣ ስለዚህ አንሳሳትም፤ ወንዙ የቀላ ቀን መነሳታችሁን እናውቃለን› አለች። እኛ ከላይ ገደሉን ከያዝን ወታደሩ ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ ታች ያሉትም ይተርፋሉ። ብቻቸውን ግን እንደማይችሉት ታውቃለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብላ ተረተችብን። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንባ አወጡ።»

«አንተስ?»

«እሺ አልኳት።»

«ከልብህ?»

«ያን ቀን ከልቤ ነበር።» አለቃ በቅሎዋን በአለንጋ ነካ አደረጉ። «ከዚያ ትእዛዙ መጣ። ቤቱ ሁሉ ሥራ አገኘ። ትንሽ እንቆይ ተባባልን። አንድም ሰው እንቢ አላለም እኮ! አንድም ሰው ‹ነገሩ ይቅር› አላለም። ትንሽ እንቆይ ብቻ።»

«ላልቆዩትስ ማን ይንገራቸው?»

«ሰው ልልክባት ነበር።»

«ነበር» አለች።

«ነገ ዛሬ ስል...» አሉና እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከኋላቸው ሆና አየቻቸው። ልታጽናናቸው አልፈለገችም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ባሏ ብልህም ሞኝም አልነበሩም፤ እያለቀሱ የላሱ ሰው ነበሩ። ያ ነው የባሰ ያናደዳት።

ከገደሉ በታች ባለው የድንጋይ ድልድይ ላይ ወታደሮች መንገዱን በእንጨት ዘግተው ቆመዋል። አንድ ሻምበል፣ ጢሙን በጥንቃቄ የከረከመ፣ ወደ ጋሪው መጣ።

«ወዴት ነው?»

«የነካሪዎቹ አለቃ ነኝ፣ ጌታዬ። የመጀመሪያውን ጨርቅ ለአዛዡ ላሳይ ነው» አሉ አለቃ። ቤት ሲወጡ የተዘጋጀ ውሸት ነበር፤ ግማሹም እውነት ነው።

ሻምበሉ ፊቱ በራ። «አለቃ! እንዲያው ስለ እናንተ ስናወራ ነበር። ወንበር አምጡ!» ጨርቁን ራሱ ፈታው። ሁለት ወታደሮች ጫፉን ይዘው በፀሐይ ዘረጉት፤ ሻምበሉ ከወዲህ አየው፣ ከወዲያ አየው፣ በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ጣቱን ተመለከተ። ቀለሙ አልለቀቀም።

ከድልድዩ ሥር ውሃው ያልፋል። ከወታደሮቹ አንዱ በመከታው ላይ ተደግፎ ቁልቁል እያየ፣ «ወንዙም የደንብ ልብስ ለበሰ» አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። እማማ ድገሚው ቀዩ ከቅስቱ ሥር ወጥቶ በማዶው ጥምዝ ሲሰወር አየች። የቀዩ ውሃ ግንባር የት እንደደረሰ አይታይም። 

«ጌታዬ፣ እንቸኩላለን» አለች።

«ትንሽ ይታገሡ፣ እናቴ። የበላዬ መጥቶ ይየው፣ ደስ ይለዋል።» ሻምበሉ ለአለቃ የራሱን ወንበር ሰጠ። ትሑት ሰው ነበር፤ በዚያ ቀን ካጋጠማቸው ሁሉ ደግነት ያሳያቸው እሱ ብቻ ነው። «እውነቱን ልንገራችሁ። እናንተን ነበር የፈራነው። የላይኛው ከተማ ከተነሳ ገደሉን ይዘጋዋል፣ እኛም መሐል እንቀራለን ብለን ነበር። ዛሬ ጠዋት እዚያ ያለውን ጦር በሙሉ አነሳን። ታማኝ ከተማ ጠባቂ ምን ያደርግለታል? ሁሉም ወደ ታች እየመጣ ነው። ይኼ የእናንተ ውለታ ነው፣ አለቃ።»

አለቃ ወንበሩ ላይ አንድ እጃቸውን በሌላው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ሌላ ምን ይላሉ።

ደወሉ የተሰማው ያኔ ነው። ከሩቅ፣ ከታች። ሰዓቱ የምሳም የመውጫም አልነበረም፤ እንደ ሥራ ደወልም ተደውሎ አላቆመም። ያለማቋረጥ፣ ገመዱን የያዘው ሰው መልቀቅ እንደፈራ ሁሉ፣ ይጮህ ነበር። ወታደሮቹ ጨርቁን መሬት ላይ ለቀቁት። ሻምበሉ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ፊቱም የሌላ ሰው ፊት ሆነ።

«ወደ ቤታችሁ ተመለሱ፣ አለቃ። ታች ችግር ተነሥቷል።»

እማማ ድገሚው ከጋሪው ወርዳ ፊቱ ቆመች። «ልጄ እዚያ ናት። አንድ ልጄ ናት።»

ሻምበሉ አያት። ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ ቀዩ ጨርቅ አየ። «ለታማኝ ሰው ይህን ካላደረግን ለማን እናደርጋለን?» አለ ለራሱ ይመስል። ጨርቁን ወደ ጋሪው መልሰው እንጨቱን እንዲያነሱ በእጁ አመለከተ። «ልጅዎን ይዘው ቶሎ ይውጡ፣ እናቴ። ስትመለሱ አሳልፋችኋለሁ፣ ቃሌ ነው። ግን ቶሎ። እኛ ስንገባ ማን የማን እንደሆነ አንለይም።»

የሽመናው አዳራሽ በር ላይ የጥጥ ጥቅል ተቆልሎ ምሽግ ሆኗል። ካቦው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ድምፁ ከውስጥ ይሰማል፤ ሲለምን ነው፣ ሲራገም ነው፣ አይለይም። ጋሪው በአቧራው ውስጥ ብቅ ሲል ምሽጉ ላይ የቆሙት ሴቶች መጀመሪያ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ከዚያ አንዷ «ነካሪዎቹ ናቸው! መጡልን!» ብላ ጮኸች፣ አዳራሹም በእልልታ ተናጋ። እማማ ድገሚው በሕይወቷ ሰው እንደዚያ በመምጣቷ ደስ ብሎት አያውቅም። መሬት ብትውጣት በወደደች።

ፌንጣ ከምሽጉ ላይ ዘላ ወረደች። ፀጉሯ የጥጥ ብናኝ ለብሷል፣ መዳፏ በገመድ ተልጦ ደምቷል። ከእናቷ በፊት የአባቷን ጉልበት አቀፈች። ከወረደች ወዲህ ተቃቅፈው አያውቁም ነበር።

«አባዬ፣ አታመጣቸውም ብዬ ነበር። በልቤ ጠርጥሬህ ነበር፣ ይቅር በለኝ።» ቀና ብላ ከጋሪው ኋላ ያለውን መንገድ አየች። «ሌሎቹስ? በገደሉ በኩል ናቸው?»

አለቃ ዓይናቸውን ወደ በቅሎዋ መለሱ። ያን ጊዜ እናቷ ክንዷን ይዛ ወደ ጋሪው ጥግ ሳበቻት።

«ሌሎች የሉም፣ ልጄ። ማንም አልተነሳም። የመንግሥት ትእዛዝ ነበር፣ የዘበኛ ጨርቅ። ወንዝ ውስጥ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አላወቅኩም።»

ፌንጣ ወዲያው አልገባትም። ጋሪው ላይ ያለውን ጨርቅ አየች፣ የእናቷን ክንድ አየች፣ እንደገና ባዶውን መንገድ አየች። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ እየገረጣ ሄደ። እናቷ ያን ፊት እስክትሞት አልረሳችውም።

«ነይ ውጪ» አለች እናቷ። «በድልድዩ ያሳልፉናል፣ ቃል ገብተውልኛል። አሁኑኑ ነይ።»

«ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ይሁን፣ ነይ።»

«ውሃውን ቀድሜ ያየሁት እኔ፤ ‹ተነሥተዋል፣ አባቴ ቃሉን ጠበቀ› ያልኩት እኔ። በኔ ቃል ነው የወጡት። የት ትቻቸው ልሂድ?»

እናቷ ክንዷን ለቀቀቻት። ሠላሳ ምክንያት ነበራት፤ የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።

ፌንጣ ወደ በሩ ሮጣ ገባችና አንዲት ሸማኔ ይዛ ተመለሰች፤ ቀኗ የገፋ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስትራመድ ወገቧን ትይዛለች። ጋሪው ላይ ደግፋ አወጣቻት፣ ቀዩን ጨርቅም እግሯ ላይ አለበሰቻት።

«አባዬ፣ ድልድዩ ላይ ልጄ ናት በላቸው።»

አለቃ የማያውቋትን ልጅ አዩ፣ የራሳቸውን አዩ። «አድርሻት ወደ ላይ እወጣለሁ» አሉ በሻከረ ድምፅ። «በር በር እየዞርኩ እለምናቸዋለሁ።»

«ይመጣሉ?»

አለቃ ሊዋሹ ይችሉ ነበር። አንገታቸውን ደፍተው በቅሎዋን አዞሩ። ያን ቀን እስኪመሽ በላይኛው ከተማ ያለውን በር ሁሉ አንኳኩ። ሁሉም ተከፈተላቸው፤ ሁሉም ግቡ አለቃ አሏቸው፤ አንዳንዱም አብሯቸው አለቀሰ። ከዚያ እያንዳንዱ በር በየተራ ተዘጋ።

እማማ ድገሚው ጋሪው ላይ አልወጣችም። መቅረቷን ለማንም አልተናገረችም፣ ማንም አልጠየቃትም። ከምሽጉ ላይ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ድንገት፣ «እጃቸውን እዩ!» አለ፤ ሰው ሁሉ አየ። እስከ ክርኗ ቀይ ነበረች። እልልታው እንደገና ተነሣ፣ ከፊተኛው የበለጠ። እየደገፉ ወደ ላይ አወጧትና እጇን አነሡት። ተሸማቃ ልታወርደው ስትል ፌንጣ ከጎኗ ቆማ በጆሮዋ ሹክ አለቻት፦

«አታውርጂው።»

«እየዋሸሁባቸው እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አሁን ካወቁ ይበተናሉ፤ ወታደሩ በየሜዳው አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። በሩን ይዘን እስኪጨልም ከቆየን በጓሮው ኮረብታ ሕፃን ያላቸው ይወጣሉ። እስኪጨልም ብቻ፣ እማዬ።»

በሩቁ፣ በገደሉ አፍ፣ አቧራ ተነሣ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው የላይኛው ከተማ እየመጣ መሰለውና ዘፈን ጀመረ። እናትና ልጅ ብቻ አልዘፈኑም። የእማማ ድገሚው ክንድ ዝሎ መውረድ ጀመረ፤ ፌንጣ በተላጠ መዳፏ ክርኗን ከሥር ደገፈችላት። እንደዚያ ተደጋግፈው ቆሙ። ልጅቷ የእናቷን እጅ ቀና ብላ አየች፤ አንድ ጊዜ ጋኑን ስጠኝ ባለች ጊዜ የነበራት ዓይን ተመለሰባት።

«ቀለሙ ጥሩ ይዟል» አለች። «አንድ ዥጉርጉር የለበትም።»

«በወራጅ ውሃ ነው ያጠብነው» አለች እናቷ።